ለባለ ሰባት ክር ኤሌክትሪክ ጊታር ምትክ ፒክአፕ አመራረጥ፦ በኬኔሶና በአካባቢዋ ለሚጫወቱ ጊታረኞች የተዘጋጀ መመሪያ

ፒክአፕ ከኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር የሚቀመጥ፣ ማግኔትንና በሺዎች ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦን የያዘ ክፍል ሲሆን፣ የብረቱ ክር በማግኔቱ መስክ ውስጥ በተርገበገበ ቁጥር በሽቦው ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ተፈጥሮ ወደ አምፕሊፋየር ይሄዳል። ባለ ሰባት ክር ጊታር ደግሞ ከተለመዱት ስድስት ክሮች በተጨማሪ አንድ ወፍራም ክር ያለው መሣሪያ ነው፤ ይህ ሰባተኛ ክር አብዛኛውን ጊዜ ቢ ላይ ይቃኛል፤ በሰከንድም 61.7 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። አሜሪካዊው የጃዝ ጊታረኛ ጆርጅ ቫን ኤፕስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ባለ ሰባት ክር ጊታር አሠርቶ ሲጫወት፣ የባስ መስመርንና ዜማን በአንድ መሣሪያ አጣምሮ ለማሰማት ነበር። የጊታር አምራቹ ኢባኔዝ ከጊታረኛው ስቲቭ ቫይ ጋር ሆኖ ዩኒቨርስ የተባለውን ጊታር እ.ኤ.አ. በ1990 ከነዲማርዚዮ ብሌዝ ፒክአፖቹ ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ በተለይም ኮርን የተባለው ባንድ በ1994 የመጀመሪያ አልበሙን ካወጣ ወዲህ፣ መሣሪያው ከከባድ ሮክ ጋር ተቆራኝቶ ቀረ። ለዚህም ይመስላል ለሰባት ክር የሚሸጡ ብዙ ፒክአፖች በጉልበታቸው ብቻ የሚመሰገኑት።

ይህ ጽሑፍ የተመሠረተበት ሐሳብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለባለ ሰባት ክር ጊታር ተገቢ የሚባለው ፒክአፕ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ሳይሆን፣ የሰባተኛውን ክር ድምፆች አንዱን ከሌላው ለይቶ የሚያሰማው ነው። ከአትላንታ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በኮብ ካውንቲ በምትገኘው ኬኔሶ የሚኖርና ቅዳሜ በሠርግ፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ በሌላው ቀን ደግሞ ከሮክ ባንድ ጋር የሚጫወት ኢትዮጵያዊ ጊታረኛ ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ሊያጤነው ይገባል፤ ምክንያቱም አንዱ መሣሪያ ሦስቱንም ሥራ መሸከም ይኖርበታል። ከዚህ በታች ያሉት ስምንት ደረጃዎች በቅደም ተከተል ቢፈጸሙ ገንዘብም ጊዜም ይቆጥባሉ።

አንደኛ ደረጃ፦ ጉድለቱ የፒክአፑ መሆኑን ማረጋገጥ

የደበዘዘ ወይም የተጨማለቀ ድምፅ ሁልጊዜ ከፒክአፕ አይመጣም። ብዙ ጊዜ መነሻው ክሩ ነው። በድልድዩና በአንገቱ ጫፍ መካከል ያለው የሚርገበገብ የክር ርዝመት፣ ስኬል የሚባለው፣ በአንዳንድ ባለ ሰባት ክር ጊታሮች 648 ሚሊ ሜትር (25.5 ኢንች)፣ በሌሎች ደግሞ 686 ሚሊ ሜትር (27 ኢንች) ነው። ውፍረቱ እኩል የሆነ ክር በሁለቱም ላይ አንድ ድምፅ ላይ ቢቃኝ፣ በረጅሙ ላይ የሚኖረው ውጥረት በ12 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ስኬሉ አጭር በሆነ ጊታር ላይ ቀጭን ሰባተኛ ክር ከታሰረ ክሩ ይላላል፤ ሲመታም መጀመሪያ ወደ ላይ ወጥቶ ኋላ ወደ ቅኝቱ ይወርዳል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ፒክአፕ አያስተካክለውም። ፒክአፕ ከመገዛቱ በፊት አዲስ ክር ማሰር፣ ለሰባተኛውም ከ0.059 እስከ 0.062 ኢንች ውፍረት ያለውን መሞከር፣ የነበረውን ፒክአፕ ከፍታ ማስተካከልና ሌላ ኬብል ቀይሮ ማዳመጥ ያስፈልጋል። በአምፕሊፋየሩም ላይ የባስ ቁልፉን መቀነስ ይገባል፤ ለስድስት ክር ተስማምቶ የቆየ የባስ መጠን ለሰባተኛው ክር ከልክ በላይ ይሆናልና። ይህ ሁሉ ተደርጎ ድምፁ ካልጠራ፣ መለወጥ ያለበት ፒክአፑ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ መለካት

ባለ ሰባት ክር ፒክአፕ እንደ ስድስቱ አንድ ወጥ መጠን የለውም፤ ስለዚህ በጣም የተወደደ ፒክአፕ ተገዝቶ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ ማለቱ የተለመደ ኪሳራ ነው። በዋነኛነት ሁለት ዓይነት አካል አለ። የመጀመሪያው የሽቦ ጥቅሎቹና በየክሩ ሥር የሚቆሙት የብረት ምሰሶዎች የሚታዩበት፣ በተለምዶ የፓሲቭ መጠን የሚባለው ነው። ሁለተኛው በፕላስቲክ ሣጥን የተሸፈነውና ሶፕባር የሚባለው ሲሆን፣ የታወቀው ምሳሌ ኢኤምጂ 707 ርዝመቱ 89፣ ወርዱ 38 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለሶፕባር የተቆፈረ ጊታር ላይ የፓሲቭ መጠን ያለውን ማስገባት ዙሪያውን ክፍት ያስቀራል፤ በተቃራኒው ለማድረግ ደግሞ እንጨቱን መፈልፈል ይጠይቃል። ይሁንና አንዳንድ አምራቾች፣ ለምሳሌ ሲይሞር ደንከን፣ አንዱን ፒክአፕ በሁለቱም ቅርጽ ስለሚሠሩ ከመቆፈር በፊት ይህን ማጣራት ይበጃል።

ልኬቱ የሚወሰደው የነበረውን ፒክአፕ ከቦታው አንስቶ ነው። ርዝመቱ፣ ወርዱ፣ የጉድጓዱ ጥልቀትና በሁለቱ ብሎኖች መካከል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ይመዘገባል። ቀጥሎም ክሮቹ በፒክአፑ ላይ በሚያልፉበት ቦታ ከመጀመሪያው ክር መሐል እስከ ሰባተኛው ክር መሐል ያለው ርቀት ይለካል። በድልድዩ ላይ በአጎራባች ክሮች መካከል አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 11 ሚሊ ሜትር ስለሚኖር፣ ጠቅላላው ከ60 እስከ 66 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ወደ አንገቱ ሲጠጋ ግን ክሮቹ ስለሚጠባበቡ ልኬቱ ያንሳል። ምሰሶዎቹ ከክሮቹ ጋር ካልገጠሙ ዳር ያሉት ክሮች፣ ማለትም ቀጭኑ አንደኛና ወፍራሙ ሰባተኛ፣ ሊደክሙ ይችላሉ። በየክሩ ምሰሶ ፋንታ አንድ ወጥ የብረት ዘንግ የተዘረጋባቸው ፒክአፖች ይህ ጥንቃቄ ብዙም አያስፈልጋቸውም። የክሮቹ ርዝመት ከዳር እስከ ዳር በሚለያይባቸውና ፒክአፖቹ ሰያፍ በሚቀመጡባቸው ጊታሮች ደግሞ ልኬቱ በሰያፉ መስመር እንጂ በቀጥታ መወሰድ የለበትም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ጊታሩ የሚጫወተውን ሙዚቃ መወሰን

ለኢትዮጵያዊ ጊታረኛ ቅኝት ዋናው መመዘኛ ነው። በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ይርቃል። መነሻው የሰባተኛው ክር ቢ ከሆነ፣ ቢ 61.7 ሄርዝ፣ ቀጥሎ ያለው ሲ ደግሞ 65.4 ሄርዝ ነው፤ ሄርዝ ማለት በሰከንድ የሚኖረው የርግብግቢት ቁጥር ሲሆን፣ በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ልዩነት አራት እንኳ አይሞላም። ጆሮ እነዚህን ሁለት ድምፆች በግልጽ የሚለየው ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ አብረው በሚሰሙት ተደራራቢ ድምፆች፣ ሃርሞኒክ በሚባሉት እየታገዘ ነው፤ በአሥረኛው ሃርሞኒክ ላይ ልዩነቱ ወደ 37 ሄርዝ ያድጋል። ስለዚህ ፒክአፑ የላይኞቹን ሃርሞኒኮች ካፈነ፣ ባስ የበዛ ቢመስልም ዜማው ይጠፋል። በገና ይህን በሚገባ ያስረዳል፤ የበገና ድምፅ እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ዜማው ጎልቶ የሚሰማው፣ በክሮቹና በድልድዩ መካከል የሚገቡት ትናንሽ ቆዳዎች ክሩን እያንዘረዘሩ የላይኞቹን ድምፆች ስለሚያበዙለት ነው።

ጊታሩ ከባስ ጊታር ጋር አብሮ የሚጫወት ከሆነ ሌላም ነገር ይታሰባል። የሰባተኛው ክር ቢ በባስ ጊታር ኤ ክር ላይ ከሁለተኛው ፍሬት ጋር አንድ ድምፅ ነው፤ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ቦታ ሲጋፉ ጊታሩ ባሱን ከመድገም ይልቅ ከባሱ በላይ ያለውን ጥርት ያለ ጠርዝ ቢሰጥ ይመረጣል። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኤረ መላ መላ» ያዳመጠ ሰው፣ ጊታር በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ውስጥ ምን ያህል ንጹሕና አጭር አመታት እንደሚፈለግበት ያውቃል። የጃኖ ባንድን ዓይነት ሮክ የሚጫወት ደግሞ የዲስቶርሽን ድምፅ፣ ማለትም ሆን ተብሎ ተጨናንቆ የሚሻክረውን ድምፅ ይፈልጋል። ጊታረኛው ከሚጫወተው ውስጥ የትኛው እንደሚበዛ በወረቀት ላይ ቢያሰፍር ቀጣዩ ውሳኔ ይቀልለታል።

አራተኛ ደረጃ፦ የማግኔትን ዓይነትና የአምራቹን ቁጥሮች ማንበብ

በፒክአፕ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ማግኔቶች አልኒኮና ሴራሚክ ናቸው። አልኒኮ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ከብረት ጋር የሚሠራ ሲሆን፣ አልኒኮ 2 ለስለስ ያለ፣ አልኒኮ 5 ደግሞ ጠንከርና ጠራ ያለ ድምፅ እንዳለው ይነገርለታል። ሴራሚክ ብዙውን ጊዜ ባሱ የተሰበሰበ፣ ጠርዙም ስለታም ሆኖ ስለሚሰማ ለዲስቶርሽን ይመረጣል። ለምሳሌ የሲይሞር ደንከን ናዝጉል በሴራሚክ ለድልድይ፣ ሴንቲየንት ደግሞ በአልኒኮ 5 ለአንገት የተሠሩ ጥንዶች ናቸው። ሆኖም ማግኔት ብቻውን ሁሉን አይወስንም፤ የሽቦው ውፍረትና የተጠመጠመበት ብዛት እኩል ድርሻ አላቸው።

በማስታወቂያ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ቁጥር ሬዚስታንስ፣ ማለትም ሽቦው ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ሲሆን፣ በኪሎ ኦም ይለካል። ይህ ቁጥር የድምፅ ኃይል መለኪያ ተደርጎ ቢወሰድም፣ ሽቦው በቀጠነ ቁጥር ጥምጥሙ ሳይጨምር እንኳ ሬዚስታንሱ ስለሚያድግ አሳሳች ነው። ከዚህ የተሻለ መረጃ የሚሰጠው ኢንደክታንስ ነው፤ ይኸውም ጥቅሉ የኤሌክትሪክ ፍሰትን መለዋወጥ የሚቃወምበት መጠን ሲሆን በሄንሪ ይለካል። ኢንደክታንሱ ከኬብሉ ካፓሲታንስ፣ ማለትም በፒኮፋራድ ከሚለካው ኤሌክትሪክ የማከማቸት ባሕርይ ጋር ሲገናኝ ድምፁ ጎልቶ ከዚያ በኋላ የሚያሽቆለቁልበት ነጥብ ይፈጠራል። 8 ሄንሪ ያለው ፒክአፕ 500 ፒኮፋራድ ካለው ኬብል ጋር ሲገናኝ ነጥቡ 2,500 ሄርዝ ገደማ ላይ ሲያርፍ፣ 4 ሄንሪ ያለው ግን 3,560 ሄርዝ ገደማ ይደርሳል። ለንጹሕ ትዝታና ለባቲ ሁለተኛው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ለወፈረ ዲስቶርሽን ይስማማል። ስለዚህ ኢንደክታንሱን የሚገልጽ አምራች ሲገኝ ከሬዚስታንሱ ይልቅ እሱን ማነጻጸር ይገባል።

የአንገትና የድልድይ ፒክአፕ በአንድ ሚዛን መመረጥ የለባቸውም። በአንገቱ በኩል ክሩ በስፋት ስለሚወዛወዝ መሠረታዊው ድምፅ ይበዛል፤ ሰባተኛውም ክር በቀላሉ ይጨማለቃል። በመሆኑም ለአንገት ኃይሉ ያነሰና ጠራ ያለ፣ ለድልድይ ደግሞ ጠንከር ያለ ፒክአፕ መምረጥ ሁለቱን ያመጣጥናል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ፓሲቭና አክቲቭን መለየት፣ የመብራት ጉርምርምታንም መቋቋም

ፓሲቭ ፒክአፕ ባትሪ አያስፈልገውም። አክቲቭ ግን በውስጡ ትንሽ ማጉያ ስላለው በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ ድምፁ የተስተካከለና ረጅም ኬብል የማያደክመው ነው፤ ኬብሉ ጊታሩ ላይ እስከተሰካ ድረስ ግን ባትሪው ስለሚፈስስ ከጨዋታ በኋላ መንቀል ግድ ነው። ሁለቱ የተለያየ መቆጣጠሪያ ይፈልጋሉ፤ የድምፅና የቶን ቁልፎቹ ለፓሲቭ ሃምበከር (ምንነቱ ከታች ይብራራል) አብዛኛውን ጊዜ 500 ኪሎ ኦም፣ ለአክቲቭ ደግሞ 25 ኪሎ ኦም ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ቁልፎቹንም አብሮ ለመቀየር መዘጋጀት አለበት።

ሃምበከር ማለት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሠሩ ሁለት ጥቅሎችን አጣምሮ ከመብራት መስመር የሚመጣውን ጉርምርምታ የሚያጠፋ ፒክአፕ ነው፤ የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ፈለሰፈው። ይህ አሠራር አሜሪካ ውስጥ ለባለ ሰባት ክር ጊታር ልዩ ጠቀሜታ አለው። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ የሚለዋወጥ ስለሆነ፣ ጉርምርምታው ከሰባተኛው ክር ቢ በሩብ ድምፅ ገደማ ብቻ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ እጥፉ የሆነው 120 ሄርዝም ከቀጣዩ ቢ ጋር ይጎራበታል። ክሩ ሳይነካ እንኳ ከቅኝት የወጣ ቢ አብሮ የሚጫወት ያህል ነው። በኢትዮጵያ መብራቱ 50 ሄርዝ በመሆኑ ጉርምርምታው ወደ ጂ ይጠጋል፤ በኬኔሶ የሚረብሸው ግን በትክክል ሰባተኛው ክር የሚያርፍበትን ቦታ ነው። ስለዚህ አንዱን ጥቅል አጥፍቶ በአንዱ ብቻ የሚያሰራ ማብሪያ፣ ኮይል ስፕሊት የሚባለው፣ ቢገጠምም ጉርምርምታውን መልሶ እንደሚያመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። የጊታሩን ጉድጓድ በመዳብ ፎይል ለብጦ ከምድር መስመሩ ጋር ማገናኘት ከብርሃንና ከኤሌክትሪክ ዕቃዎች የሚመጣውን ሌላ ጫጫታ ይቀንሳል እንጂ ይህን ጉርምርምታ አያጠፋም። በአትላንታ አካባቢ በሚገኙት በዴካተርና በክላርክስተን ባሉ አዳራሾችና ምግብ ቤቶች፣ በየቦታው በማይመሳሰል አምፕሊፋየርና ብርሃን ለሚጫወት ሰው ይህ ሽፋን ከፒክአፑ ዋጋ ያላነሰ ጥቅም ይሰጣል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ መግዛት

ልኬቱ፣ የሙዚቃው ዓይነትና የመቆጣጠሪያው ዓይነት ከታወቀ በኋላ ምርጫው በሁለት ወይም በሦስት ሞዴሎች ላይ ይወሰናል። ከመግዛቱ በፊት የመመለሻ ደንቡን ማንበብ ይገባል፤ ሽቦው አንዴ ከተቆረጠ ወይም ከተበየደ ብዙ መደብሮች አይቀበሉትም። ያገለገለ ፒክአፕ በአካባቢው ሲገዛ ቴስተር ይዞ መሄድ ይመከራል፤ የፓሲቭ ፒክአፕ ሬዚስታንስ አምራቹ ከጻፈው ብዙ ካነሰ፣ ወይም ቴስተሩ ምንም ካላነበበ፣ ጥቅሉ ተበላሽቷል ወይም ሌላ ሞዴል ነው። ሽቦው አጥሮ የተቆረጠ ከሆነም ለመቀጠል የሚበቃ መሆኑን መመልከት ያሻል። አራት የተለያየ ቀለም ያላቸው ሽቦዎችና አንድ ራቁት ሽቦ ያለው ፒክአፕ ኮይል ስፕሊትንም ሌሎች አገናኞችንም ስለሚፈቅድ በብዙ ዓይነት ሙዚቃ ለሚጫወት ሰው ይበጃል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ መግጠም

ከመጀመሪያው ሽቦ መነካት በፊት የነበረውን አገናኝ ከተለያየ አቅጣጫ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል። ክሮቹ ቀስ በቀስ ይላላሉ፤ በስፕሪንግ ላይ የሚንሳፈፍ ድልድይ ካለ ሥሩ እንጨት ወይም ካርቶን ይደረጋል። ካውያው፣ ማለትም የብየዳው የጋለ ብረት፣ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቢሆን ይበቃል፤ መጋጠሚያውን ማሞቅና ብየዳ እርሳሱን በሞቀው መጋጠሚያ ላይ ማቅለጥ እንጂ እርሳሱን በካውያው አቅልጦ ማንጠባጠብ ተገቢ አይደለም። በደንብ የተበየደ ነጥብ የለሰለሰና ሽቦውን አቅፎ የያዘ ሆኖ ይታያል። መስኮት ተከፍቶ መሥራትና ከሥራው በኋላ እጅ መታጠብ አይዘነጋም።

የሽቦ ቀለም ከአምራች አምራች ይለያያል። በሲይሞር ደንከን ጥቁሩ ምልክቱን ይዞ የሚወጣው ነው፤ አረንጓዴውና ራቁቱ ወደ ምድር ይገባሉ፤ ቀዩና ነጩ እርስ በርሳቸው ተጣምረው በናስትሮ ይጠቀለላሉ። በዲማርዚዮ ደግሞ ቀዩ ምልክቱን ያወጣል፤ አረንጓዴውና ራቁቱ ወደ ምድር ይሄዳሉ፤ ጥቁሩና ነጩ ይጣመራሉ። የሁለት አምራቾች ፒክአፖች በአንድ ጊታር ላይ ሲገጠሙ ይህን ማምታታት ቀላል ነው። ሥራው ሲያልቅ ክር ከመታሰሩ በፊት ኬብል ሰክቶ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቶ፣ በኬብሉ መሰኪያ ጫፍና በመሰኪያው ግንድ መካከል በቴስተር መለካት ይቻላል፤ ንባቡ ከፓሲቭ ፒክአፑ ቁጥር በጥቂቱ አንሶ ከተገኘ አገናኙ ትክክል ነው፤ ዜሮ ከሆነ ግን አንድ ቦታ ተነካክቷል። ለካውያ ያልለመደ ሰው ይህን ደረጃ ለጊታር ጥገና ባለሙያ ቢሰጥም፣ ከላይ ያሉት የምርጫ ደረጃዎች የራሱ ሆነው ይቆያሉ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ከፍታን ማስተካከልና መፈተን

ክሮቹ በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው ከሰባተኛው ክር እስከ ፒክአፑ 3 ሚሊ ሜትር፣ ከአንደኛው ክር ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀት ጥሩ መነሻ ነው። ፒክአፑ ከመጠን በላይ ከቀረበ ማግኔቱ ወፍራሙን ክር ስለሚስበው ድምፁ ከቅኝት የወጣና የተንቀጠቀጠ ይመስላል፤ ከራቀ ደግሞ ሕይወት ያጣል። ብሎኑ በካቻቢቴ ሩብ ዙር እየዞረ በየጊዜው ይደመጣል። ሁለቱ ፒክአፖች አብረው ሲሠሩ ድምፁ ሳስቶና አፍንጫ አፍንጫ ብሎ ከተሰማ፣ ምልክታቸው እየተጣላ ስለሆነ የአንዱን የምልክትና የምድር ሽቦ ማለዋወጥ ይገባል፤ ራቁቱ ሽቦ ግን ከምድር አይነሣም።

ፍርዱ መሰጠት ያለበት በሦስት ሙከራ ነው። በመጀመሪያ በንጹሕ ድምፅ ትዝታን ከሰባተኛው ክር አንስቶ እስከ አንደኛው መውጣት፣ ከዚያ በባዶ ሰባተኛው ክር ላይ ቢን፣ አስከትሎም በአንደኛው ፍሬት ሲን እያፈራረቁ ሁለቱ በዲስቶርሽንም ጭምር ይለዩ እንደሆነ መስማት፣ በመጨረሻም ያንኑ ከባስ ጊታርና ከከበሮ ጋር ደግሞ መጫወት ነው። ብቻውን ሲሰማ ቀጠን ያለ የሚመስል ፒክአፕ በባንድ ውስጥ ቦታውን ሊያገኝ፣ ብቻውን የሞላ የሚመስለውም በባሱ ሊዋጥ ስለሚችል፣ ሦስተኛው ሙከራ ሳይደረግ ፒክአፕ ደካማ ነው ወይም ጠንካራ ነው ተብሎ መወሰን የለበትም። ሲና ቢ በባንዱ መካከል ተለይተው ከተሰሙ ምርጫው ተሳክቷል፤ ካልተሰሙ ደግሞ ወደ ከፍታው፣ ወደ ክሩና ወደ ባስ ቁልፉ ተመልሶ ማስተካከል ይገባል፤ ሌላ ፒክአፕ መፈለግ የሚገባው ከእነዚህ በኋላ ነው።